ብሩሽ የነካው ከንፈር

እትዬ ነጥብ የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው መሃል ሳብ አድርገው አሾሉት። በግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ካስቀመጧት የቀለም ጠብታ ነካ አደረጉና፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ በአንድ ሙሽራ ቅንድብ ላይ የተጋደመውን ስንጥቅ በነጥብ መሙላት ጀመሩ። አንድ ነጥብ። አጠገቧ ሌላ ነጥብ። መስመር አይስቡም። የተሳበ መስመር ከሩቅ ያሳብቃል፤ ነጥብ ግን ከነጥብ ጋር ሲጠጋጋ ቆዳ ይመስላል። ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚሁ ነው፤ እናታቸው ያወጡላቸውን ስም አሁን የሚያውቀው መታወቂያቸው ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሙሽራው ዛሬ የልጅ ልጅ ያየ ሽማግሌ ነው። ፎቶውን አራት ቦታ አጥፎ በኪሱ ሲያዞር ኖሮ፣ እጥፋቱ ልክ በቅንድቡ ላይ አለፈ። «ቅንድቤን ብቻ መልሱልኝ፤ ሌላው እንዳለ ይሁን» ብሎ ነው ትቶላቸው የሄደው።

የሚሠሩበት ክፍል የፎቶ ቤቱ ጓዳ ነው። ያለው አንድ መስኮት ፀሐይ በቀጥታ እንዳይገባበት በስስ ነጭ ወረቀት ተሸፍኗል። ጠረጴዛው ወደ ደረታቸው ዘመም ያለ ነው። በላዩ ላይ እጀታው በፕላስተር የተጠቀለለ አጉሊ መነጽር፣ የቀለም ብልቃጦች፣ አንድ ብርጭቆ ውሃና በኩባያ ውስጥ የቆሙ ብሩሾች አሉ። ከብሩሾቹ አንዷ ሦስት ፀጉር ብቻ ቀርቷታል። ለዓይን ሽፋሽፍት የሚያወጧት እሷን ነው።

ድሮ በቀን ሃያ ሠላሳ ፊት በእጃቸው ያልፍ ነበር። አሁን ሰው ፊቱን በስልኩ ራሱ ያሳምራል። ለእትዬ ነጥብ የሚመጣላቸው አይጥ የቀመሰው፣ ውሃ የገባበት፣ የተቀደደና የታጠፈ አሮጌ ፎቶ ነው። አንዱ እናቱ ፎቶ ሲነሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበርና «ይክፈቱልኝ» ይላል። አንዷ ደግሞ የፈታችውን ባሏን «ያውጡልኝ» ብላ መጥታ፣ ሰውየው ሲወጣ እጁ ትከሻዋ ላይ ቀረ። እትዬ ነጥብ ሦስት ቀን አስበው እጁን ሻርፕ አደረጉት። ሴትዮዋ ሻርፑን ከመውደዷ የተነሳ፣ ፎቶውን ያየ ሁሉ ከየት ገዛሽው እንደሚላት መጥታ ነገረቻቸው።

ሙያውን የያዙት በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው ማለት ይቻላል። ታናሽ ወንድማቸው የተወለደው የላይ ከንፈሩ እስከ አፍንጫው ተሰንጥቆ ነው። ስድስት ዓመት ሲሞላው ቤተሰቡ በሙሉ ፎቶ ተነሣ። ፎቶው ሲመጣ ልጁ ሙሉ ከንፈር ነበረው። ፎቶ አንሺው ማንም ሳይጠይቀው በብሩሽ ገጥሞለታል። እናታቸው ፎቶውን ሳሙት። ወንድማቸው ግን ቀረብ ብሎ አየው፣ ራቅ ብሎ አየው፣ ከዚያ «ይሄ በኔ ቦታ የቆመው ልጅ ማነው?» አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እትዬ ነጥብም ስቀዋል። በማግስቱ ግን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ወደ ፎቶ ቤቱ ጎራ አሉ፤ ያ ከንፈር ከምን እንደተሠራ ካላዩ እንቅልፍ የሚወስዳቸው አልመሰላቸውም። ፎቶ አንሺው ፈገግ ብሎ ብሩሽ አስያዛቸው። እንደያዙ ቀሩ።

የሙሽራው ቅንድብ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አማቻቸው፣ የአንድ ልጃቸው ባል፣ በሩን በክርኑ ገፍቶ ገባ። የሕንፃ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ስለሚውል፣ ቤት ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ እንኳ ወለሉ ከፍ ዝቅ የሚል ይመስለኛል ይላል።

«እማማ፣ ብሩሹን ያስቀምጡ። እጅዎ መንቀጥቀጡ አይቀርም።»

«ለምን ይንቀጠቀጣል?»

«የልጅ ልጅዎን ይዤ መጣሁ!»

እትዬ ነጥብ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ልጃቸው ገና ሃያ ሰባት ሳምንቷ ነው። «ምን? ወለደች?»

«ኧረ አልወለደችም! በስልኬ ነው የያዝኩት።»

«አንተ ልጅ፣ አንድ ቀን ልቤን ታቆመውና ሊፍት መስሎህ ትፈታታዋለህ» አሉና ተመልሰው ቁጭ አሉ።

ስልኩን አጉሊ መነጽሩ ሥር አስቀመጠላቸው። እትዬ ነጥብ እስከዚያ ቀን ድረስ የአልትራሳውንድ ምስል አይተው አያውቁም ማለት አይደለም፤ ጥቁርና ግራጫ፣ ጭስ የመሰለ ነገር፣ «ይሄ ጭንቅላቱ ነው» ሲሏቸው «አዎ አዎ» ብለው የሚያልፉት። ይሄ ግን ሌላ ነው። ፊት ነው። ቀለሙ እንደ ሸክላ፣ ጉንጩ ድንቡሽ ያለ፣ ዓይኑ የተጨፈነ። ድንገት አፉን ከፍቶ አዛጋ። ከዚያ የተጨበጠች እጁን አንሥቶ ጉንጩ ላይ አስደገፈ።

«አባቱን ቁርጥ!» አለ አማቻቸው።

«ከአባቱ የወረሰው ማዛጋት ብቻ ከሆነ ደህና ነው።» እትዬ ነጥብ ከስልኩ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም። «ለመሆኑ ብርሃኑ በየት ገባ?»

«የቱ ብርሃን?»

«ይኸው አፍንጫው ሥር ጥላ አለ። ጥላ ካለ ብርሃን አለ። ሆድ ውስጥ መብራት ማን አበራ?»

«በብርሃን አይደለም አሉን። በድምጽ ነው።»

«ድምጽ እንዴት አድርጎ ፊት ይሥላል?»

«እኔ ሊፍት ነው የምጠግነው፣ እማማ።»

የት እንዳሠሩት ጠየቁት። እሱ በሚሠራበት ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ አዲስ ሱቅ ተከፍቷል፤ የሆድ ልጅ በቪዲዮ የሚያሳይ። ግድግዳ የሚያክል ስክሪን፣ ለስላሳ ሶፋ፣ ሙዚቃ። ሐኪም አለ ወይ ሲሉት «አንዲት ልጅ አለች። ትሑት ናት። ቆንጆ ነው፣ ደህና ነው አለችን» አለ። ከዚያ ከፖስታ ውስጥ አንድ የሚያብረቀርቅ ፎቶ አወጣ። ከቪዲዮው የተወሰደ የልጁ ፊት ነው። «ይሄን አሸዋ አሸዋ የሚለውን ያጽዱልኝና አሳድገን ሳሎን እንስቀለው። እሷን ላስደንቃት ነው፤ እንዳይነግሯት።»

እሱ ከሄደ በኋላ እትዬ ነጥብ ሙሽራውን ወደ ጎን አደረጉት። ፎቶውን ዘመም ባለው ጠረጴዛ ላይ በአራት መርፌ ያዙት። ግንባሩ ላይ የተበተነውን ነቁጥ፣ ጉንጩ ላይ ያለውን ሸካራ ነገር፣ አንድ በአንድ እየነኩ አለሰለሱት። ሥራው ደስ ብሏቸው ነበር፤ ገና ያልተወለደ ሰው ፊት በእጃቸው ሲገባ የመጀመሪያቸው ነው። ምን ዓይነት ልጅ ይሆን? እንደ እናቱ ቁጡ? እንደ አባቱ ቀልደኛ? ይህን እያሰቡ እጃቸው ወደ አፉ ወረደ። በላይኛው ከንፈር በግራ በኩል፣ ከአፍንጫው ቀዳዳ ቁልቁል የወረደች ቀጭን ጥቁር መስመር ነበረች። ሦስት ነጥብ፣ አራት ነጥብ፣ አምስት። መስመሯ ጠፋች።

ያኔ ነው እጃቸው ቀጥ ያለው።

አጉሊ መነጽሩን አነሡ፤ ግን የሚታይ ነገር አልነበረም። ሥራቸው ንጹሕ ነው። ዓርባ ዓመት የሠለጠነ እጅ፣ አእምሯቸው ሳያየው ከንፈሩን ገጥሞታል። ቆይተው ራሳቸውን አረጋጉ። የአፍንጫው ጥላ የወደቀው ወደ ግራ ነው፤ ስለዚህ ብርሃኑ ከቀኝ ነው፤ ስለዚህ መስመሯም ጥላ ናት። ዓርባ ዓመት ሙሉ ፊት ላይ ያለን ጨለማ የለዩት በዚህ ስሌት ነው፤ አንድም ቀን አሳስቷቸው አያውቅም። ፎቶውን ለአማቻቸው ሰጡት።

በሳምንቱ ልጃቸው ቤት ሲሄዱ የልጁ ፊት የመስኮት መዝጊያ ያክል ሆኖ ሳሎን ተሰቅሏል። ልጃቸው የአንደኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪ ናት። እናቷን አቅፋ ሳመቻቸውና ከፎቶው ፊት አቆመቻቸው።

«እማ፣ አፉን እዪው! ከንፈሩ እኮ የተሣለ ነው የሚመስለው!»

እትዬ ነጥብ ፎቶውን ትተው መቀመጫ ፈለጉ።

«የፊታችን ማክሰኞ ክሊኒክ ቀጠሮ አለኝ» አለች ልጃቸው ወንበር እየሳበች። «ያ የሃያኛው ሳምንት ምርመራ ነው፤ የፈተና እርማት ላይ ሆኜ ያለፈኝ። እንግዲህ ምን ያደርግልኛል? ልጄን ሲያዛጋ፣ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ደውዬ ልሰርዘው ነው። ለእነሱ ግራጫ ጭስ ብዬ ግማሽ ቀን ከክፍል አልቀርም።»

እትዬ ነጥብ ነጠላቸውን አንሥተው ወጡ። ቤታቸው ተመልሰው አማቻቸው የላከላቸውን ቪዲዮ ከፈቱ። ልጁ ያዛጋል። መስመሯ አለች። የተጨበጠች እጁን ያነሣል። የለችም። ፊቱን ያዘነብላል። አለች። ምሳ ቀረበ፣ ምሳ በረደ። ጥላ ከሆነች ልጃቸውን በከንቱ ማስደንገጥ ነው። ጥላ ካልሆነች ግን፣ ማየት ያለበት ሐኪም እንዳያይ፣ ፊት የቆሙት እሳቸው ናቸው። ከንፈር ብቻ ቢሆንስ ደግ ነበር። ሌላስ ነገር ቢኖር? ልቡን፣ ኩላሊቱን ያየ ሰው የለም፤ ሁሉም የተዋበ ፊት አይቶ ረክቷል። ያን ፊት ያስዋቡት ደግሞ እሳቸው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሄዱ። ልጃቸው ጠረጴዛው ላይ የተማሪዎች ወረቀት ከምራ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ተቀምጣለች። ሆዷ ከጠረጴዛው ስላራቃት ክንዷን ዘርግታ ነው የምታርመው። አማቻቸው ወለሉ ላይ የሕፃን አልጋ ብሎን ያጠብቃል።

«ደወልሽ?» አሉ እትዬ ነጥብ፣ ገና ከበሩ።

«ለማን?»

«ለክሊኒኩ። ቀጠሮሽን ሰረዝሽ?»

«ስልካቸው ተይዞ ነበር። አሁን እደውላለሁ። ምነው እማ፣ ላብ በላብ ሆንሽ?»

እትዬ ነጥብ ቦርሳቸውን ታቅፈው ቆመው ቀሩ። «ያ ፎቶ… አፉ ላይ… አንድ መስመር ነበረች። እኔ ነኝ ያጠፋኋት። ሳላስበው። እጄ ነው።»

ልጃቸው እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የምን መስመር?»

«ከአፍንጫው ወደ ከንፈሩ። እንደ አጎትሽ። ጥላ ናት ብዬ ነበር። አሁን ግን አላውቅም።»

አማቻቸው ብሎኑን ለቀቀው፤ እየተንከባለለ አልጋው ሥር ገባ።

«ተማሪዎቼ በላጲስ አጥፍተው ሲያታልሉኝ ወረቀቱን ብርሃን ላይ አድርጌ እይዛቸዋለሁ» አለች ልጃቸው ቀስ ብላ። «የእናቴን አልያዝኩም። ልጄን አረምሽው፣ እማ? እኔ እንኳ ገና ሳላየው አረምሽው?»

አማቻቸው ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮውን እያቆመ እያስኬደ አየ። «አለች» አለ። ቆይቶ፣ «የለችም።» ደግሞ፣ «አለች። ኧረ ይሄ ነገር እንደ አራተኛው ፎቅ ሊፍት ነው፤ ጠጋኝ ሲመጣ ይሠራል።» ማንም አልሳቀለትም። እሱም አልሳቀም።

ልጃቸው ለክሊኒኩ ደወለች። ነገ እመጣለሁ ብላ ቀጠሮዋን አረጋገጠች። ከዚያ ለእናቷ፣ ሳትመለከታቸው፣ «አንቺም ትመጫለሽ። ያቺን መስመር የምታውቂያት አንቺ ነሽ» አለች።

የምርመራው ክፍል ጨለም ያለ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ማሽን፣ ሁለት ስክሪን፤ አንዱ ለባለሙያዋ፣ አንዱ ለእናትየው። ሆድ ላይ የሚቀባው ዝልግልግ ጄል ቀዝቅዞ እንዳያስደነግጥ ብሎ ማን እንዳሰበው እንጃ፣ ብልቃጡ ሙቅ ውሃ በያዘ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቆሟል። እትዬ ነጥብ ይህን አይተው ሴትዮዋን ወደዷት። ባለሙያዋ ጎልማሳ ናት፤ ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዝቅ ያለ፣ በየመሃሉ የምታሸው። ለሃያ ዓመት የማሽኑን እጀታ በሰው ሆድ ላይ ስትገፋ የኖረች ናት።

የመጡበትን ነገር ሁሉ ልጃቸው ሳትሸፋፍን ነገረቻት፤ ሱቁን፣ ፎቶውን፣ ብሩሹን። ባለሙያዋ ወደ እትዬ ነጥብ ዞር ብላ አየቻቸው። እትዬ ነጥብ መሬት ቢውጣቸው ደስ ባላቸው። ሴትዮዋ ግን፣ «እስቲ እናያለን፣ እማማ። ወንበሩን ቀረብ ያድርጉት» ብቻ አለች።

«የሚንቀሳቀሰውን ነው አይደል የምታሳዪን?» አለ አማቻቸው።

«እሱ መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ በግራጫው።»

«ቆንጆው ግን ያኛው አይደለም?»

«ለናንተ ቆንጆው ያኛው ነው፤ ለኔ ግራጫው። ያኛው ላይ ላዩን፣ ቆዳውን ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ቤት ስትገዛ ቀለሙን አይተህ ብቻ ትገዛለህ?»

«ሊፍቱንም አያለሁ» አለ አማቻቸው። ሚስቱ በዚህኛው ፈገግ አለች።

ከዚያ ብዙ ጊዜ ወሰደ። ጭንቅላቱን በነጥብ መስመር ዙሪያውን ለካች። ልቡን አራት ክፍል እንዳለው ቤት እያንዳንዱን ክፍል ዞረችው፤ በሮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ አሳየቻቸው። አከርካሪው እንደ ተዘጋ ዚፕ ነው። ሁለት ኩላሊት። ሆዱ ውስጥ ትንሽ ጥቁር ኩሬ፤ የዋጠው ውሃ ነው። «ይውጣል እንዴ?» አሉ እትዬ ነጥብ ሳያስቡት። «ይውጣል፤ ያለበትን የሽርት ውሃ ነው የሚጠጣው። ተመልሶም ይሸናዋል» ስትላቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እስካሁን ሁሉም ደህና ነው። ፊቱ ጋ ሲደርሱ ግን ልጁ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ ከምሮ ወደ እንግዴ ልጁ ዞሯል።

«በቃ፣ አኩርፏል» አለ አባቱ።

«ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ። ሰው ከሩቅ መጥቶ ፊት ሳያይ ይመለሳል። ውሃው ሲያንስ፣ እጅ ሲጋርደው፣ እትብት ሲያልፍበት ፊት አይወጣም። የማንም ጥፋት አይደለም። ተነሥተሽ በኮሪደሩ ትንሽ ተራመጂ፤ ከዚያ በግራ ጎንሽ ትተኛለሽ።»

ልጃቸው ባሏን ተደግፋ ስትወጣ እትዬ ነጥብ ከማሽኑ ጋር ቀሩ። ዓይናፋር ናቸው፤ ሰው ፊት ብዙ አይናገሩም። ይህን ጥያቄ ግን ካልጠየቁ የሚፈነዱ መሰላቸው። «ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና… ድምጽ እንዴት ነው ፊት የሚሥለው?»

ሴትዮዋ ትከሻዋን እያሸች አሰበች። «ጨለማ ቤት ውስጥ ኳስ ግድግዳ ላይ ቢወረውሩ፣ ቶሎ የተመለሰው ቅርብ ካለ ነገር ነው፣ የዘገየው ከሩቅ። ማሽኑ የማይሰማ ድምጽ ይወረውራል፣ የተመለሰውን ይቆጥራል። ከዚያ ፊት አድርጎ ይገጣጥመዋል። በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚያደርገው የሚንቀሳቀስ ይመስላል።»

«ብርሃን የለም ማለት ነው።»

«የለም። ብርሃኑን ማሽኑ ነው የሚጨምረው፣ ለዓይን እንዲያምር። ቀለሙንም እንዲሁ። ሸካራውን ያለሰልሳል፣ የጎደለውን ይሞላል። አንዳንዴ ታዲያ የሌለ ስንጥቅ ያወጣል፣ አንዳንዴ ያለውን ይደፍናል።»

እትዬ ነጥብ ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አዩት። «እንግዲያስ እኔና እሱ የአንድ ሙያ ሰዎች ነን» አሉ። ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች።

ልጃቸው ተመልሳ በግራ ጎኗ ስትተኛ ልጁ እጁን አውርዷል። ባለሙያዋ አንድ ቁልፍ ስትነካ ግራጫው ጭስ ተሰበሰበና ፊት ሆነ። ያው ድንቡሽ ጉንጭ። ያው አፍንጫ። ከንፈሩ ላይ በግራ በኩል፣ ያቺው ቀጭን ጥቁር መስመር።

አባትየው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ።

«እማማ፣ ጥላ ነው ብለው ነበር አይደል?» አለች ባለሙያዋ። «ይኸው ብርሃኑ በእጄ ነው። ላዙረው፣ እርስዎ ይመልከቱ።»

ጣቷን አንዲት ክብ ነገር ላይ አንከባለለች። በስክሪኑ ላይ ብርሃኑ ከቀኝ ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ግራ ተጓዘ። የአፍንጫው ጥላ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ዞሮ ወደ ቀኝ ጉንጭ ተሻገረ። የጉንጩ ጥላ ዞረ። የአገጩ ጥላ ዞረ። መስመሯ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ጥላ አይደለችም» አሉ እትዬ ነጥብ። «ጥላ ብትሆን ትዞር ነበር።»

«ይሄም ብቻውን አይበቃም። በግራጫው ላረጋግጥ።» ፊቱ ጠፍቶ ጭሱ ተመለሰ። ሴትዮዋ ከአፍንጫው ቀዳዳዎች ጀምራ ቁልቁል ምስሉን በስስ በስሱ እየከፈለች አየች፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስተኛ ጊዜ። ከዚያ እጀታውን አሳርፋ ወደ እናትየው ዞረች። «የላይ ከንፈሩ በግራ በኩል ትንሽ ስንጥቅ አለው። ድዱ ደህና ይመስለኛል። ላንቃውን ግን ሲወለድ ነው በደንብ የሚያዩት፤ ከአሁኑ ቃል አልገባልሽም። ሌላው ያየሁት ሁሉ ደህና ነው።»

ልጃቸው በጀርባዋ ተንጋለለችና ጣራውን አየች። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ። ባሏ ጣቷን ይዞ፣ «እዚያ ሱቅ ስለወሰድኳት ነው?» አለ።

«አይደለም። ከንፈር የሚገጥመው ገና በሁለተኛው ወር ነው፤ ያኔ እናንተም አታውቁም። ሱቁ ያመጣው ነገር የለም፣ ያየውም ነገር የለም። ማሽኑ ጎጂ ነው የሚል አልተገኘም፤ ግን ያለ ምክንያት፣ ለረጅም ሰዓት፣ ለጨዋታ ተብሎ ጽንስ ላይ አይያዝም። ፊቱን ማየት ያማራችሁ እንደሆነ ከምርመራው በኋላ እዚሁ ጠይቁ። አጋጣሚው ጥሩ ከሆነ አሳያለሁ።»

«ያመዋል?» አለች ልጃቸው።

«አያመውም። አሁን አያውቀውም።»

«ጡት መጥባትስ?»

«ላንቃው ከተዘጋ ብዙዎቹ ይጠባሉ፤ አያያዙን ያሳዩሻል። ካስቸገረው ለዚሁ የተሠራ ጡጦ አለ። ጥቂት ወራት ሲሆነው ቀዶ ሐኪም ይገጥምለታል። ከመወለዱ በፊት ማወቅሽ ነው ትልቁ ነገር፤ የሚወልዱበት ቦታ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል።»

ባለሙያዋ ፊቱን ስክሪኑ ላይ መለሰችው፤ ልጃቸው በክርኗ ብድግ ብላ ደጋግማ አየችው። ቆይታ ቆይታ፣ «ይሄን ፎቶ ስጪኝ» አለች። «እንዳለ።» ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። «እማ፣ ነይ እስቲ። የት ጋ ነው የሚጀምረው? አንቺ ነሽ አጥርተሽ የምታዪው።»

እትዬ ነጥብ ተጠግተው በጣታቸው፣ ስክሪኑን ሳይነኩ፣ ከአፍንጫው ሥር እስከ ከንፈሩ ጠርዝ አሳዩአት። ልጃቸው ያንኑ ጣት ያዘችው፤ አልለቀቀችውም።

ባለሙያዋ የሪፈር ወረቀቱን ጻፈች። ልጃቸው ዓይኗን ጠርጋ እንደ ልማዷ ማዘዝ ጀመረች። «እማ፣ ይሄን ሦስት ኮፒ አስደርጊልኝ። አንዱ ለምወልድበት፣ አንዱ ለቀዶ ሐኪሙ፣ አንዱ ቤት። ፊት ለፊት ያለው ኮፒ ቤት ለምሳ ሳይዘጋ ቶሎ በይ።»

«እሺ» አሉ እትዬ ነጥብ። ወረቀቱን ተቀብለው በሩ ጋ ደረሱ።

«ኧረ እዩት፣ ሊውጥ ነው!» አለች ባለሙያዋ ከኋላቸው፣ እጀታውን ለመሰናበቻ መልሳ ሆዱ ላይ አድርጋ።

ዞሩ። በስክሪኑ ላይ ያ ትንሽ አፍ ተከፈተ። ምላሱ ወጣ አለ፣ ተመለሰ። ስንጥቁ ሰፋ አለ፣ ጠበበ። አገጩ ወረደ፣ ወጣ፤ ጉሮሮው ላይ አንድ ነገር እንደ እርግብግቢት ተንቀሳቀሰ። ዋጠ።

«በዚያ ከንፈር?» አሉ እትዬ ነጥብ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ተራምደው። «በዚያው ከንፈር እየጠጣ ነው?»

«እየጠጣ ነው» አለች ሴትዮዋ።

«እማ፣ ኮፒው!»

«መጣሁ፣ መጣሁ። አንዴ ደግሞ ሲውጥ ልይ።»

ከመንገዱ ማዶ የኮፒ ቤቱ የብረት በር እየተንኳኳ ሲወርድ በመስኮቱ ተሰማ። እትዬ ነጥብ ወረቀቱን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ሳቡ።